የማይታየው የመኪና ኃይል፦ የቫክዩም ዕቃ ከገበያ ሲጠፋ ሰበካ ጉባኤያት ምን ያድርጉ?

በብዙ አድባራትና ገዳማት፣ በወረዳና በሀገረ ስብከት ጽሕፈት ቤቶች ቅጥር ግቢ አንድ አሮጌ መኪና ቆሞ ማየት የተለመደ ነው። አንዳንዱ ከበጎ አድራጊ ምእመን በስጦታ የተገኘ፣ አንዳንዱ የልማት ፕሮጀክት ሲጠናቀቅ የተላለፈ፣ ሌላውም በምእመናን መዋጮ በአገልግሎት ላይ ከዋለ በኋላ የተገዛ ነው። እህል ያመላልሳል፤ የችግኝና የውኃ ቧንቧ ይጭናል፤ ሕመምተኛ ወደ ሐኪም ቤት፣ ካህናትን ወደ ሩቅ አጥቢያ ያደርሳል። ሞተሩም ብዙ ጊዜ ከዕድሜው በላይ ብርቱ ሆኖ ይገኛል።

እንዲህ ያለው መኪና ወደ ጋራዥ ሲገባ ኮሚቴው የሚጠይቀው ስለ ጎማ፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ ዘይትና ስለ ፍሬን ሸራ ነው። በኮፈኑ ሥር ስለተዘረጉት ቀጫጭን የላስቲክ ቱቦዎችና ስለተያያዙባቸው ትናንሽ ቆርቆሮ መሰል ዕቃዎች ግን የሚጠይቅ እምብዛም የለም። እነዚህ የቫክዩም ዕቃዎች ይባላሉ። ብዙዎቹን ፋብሪካው ማምረት ካቆመ ቆይቷል፤ ሲበላሹም «የለም፣ ጠፍቷል» የሚል መልስ ይሰጣል። ከዚህ በኋላ የሚከተለው ወይ መኪናውን ማቆም ነው፣ ወይም በተገኘው ነገር መጠገን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ ዕቃዎች የትኛውን በሌላ መተካት እንደሚቻል፣ የትኛውን ደግሞ ፈጽሞ በዘፈቀደ መንካት እንደማይገባ ማስረዳት ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝ በራሴ የደረሰ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሥራቅ ጎጃም የአንድ አጥቢያ የውኃ ሥራ ጎብኝተን ስንመለስ፣ ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ ያዝን። መኪናው አሮጌ የናፍጣ መኪና ነበር። በውስጡም አንድ አረጋዊ ቄስ፣ ሁለት የልማት ኮሚቴ አባላት፣ ሹፌሩና እኔ ነበርን። ቁልቁለቱን ጥቂት እንደ ወረድን ሹፌሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዲያቆን፣ ፍሬኑ ድንጋይ ሆነብኝ» አለኝ። እግሩን በሙሉ ኃይሉ ቢጭንም መኪናው በቀላሉ የሚይዝ አልሆነም። ሹፌሩ ግን ልምድ ያለው ሰው ስለነበር አልተደናገጠም። ማርሹን በየደረጃው ወደ አንደኛ ቀነሰ፤ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳበ በተራራው በኩል ባለው ቦይ ዳር አስደገፈን። አባታችን እስኪቆም ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ከዚያ በኋላ ግን ረጅም ጸሎት አደረሱ።

ኮፈኑ ሲከፈት ምክንያቱ ተገኘ። ከቫክዩም ፓምፑ ወደ ፍሬኑ ሰርቮ የሚሄደው ቱቦ በሙቀት ልስልስ ብሎ፣ በውስጡ ባለው መሳብ ግራና ቀኙ ተጣብቆ፣ እንደ ጠፍጣፋ ጠፍር ሆኖ ነበር። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ክብ ሆነ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ዋናው ቱቦ ተሰንጥቆ ሳለ «ኦሪጅናሉ ጠፍቷል» ተብሎ ተራ የውኃ ጎማ ተተክቶበት ነበር። ዋጋው ረክሶ በማግኘታችን ደስ ብሎኝ የክፍያ ወረቀቱን የፈረምሁት እኔ ነበርሁ።

ቫክዩም ምንድን ነው?

ቫክዩም ማለት በአጭሩ ከውጭው አየር ያነሰ ግፊት ማለት ነው። በዙሪያችን ያለው አየር ክብደት አለው፤ ሁሉንም ነገር በየአቅጣጫው ይጫናል። ከአንድ ዕቃ ውስጥ አየሩ ሲሳብ የውጭው አየር ወደ ውስጥ ይገፋል። የመኪና ሠሪዎች ይህን ግፊት እንደ ነጻ ሠራተኛ ይጠቀሙበታል።

በካርቡሬተር በሚሠራ የቤንዚን መኪና መሳቡ የሚገኘው ከራሱ ከሞተሩ ነው። ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ የካርቡሬተሩ የአየር በር ስለሚዘጋ ፒስተኖቹ ሲወርዱ አየር ለመሳብ ይታገላሉ፤ ስለዚህ በማኒፎልዱ ውስጥ ግፊቱ ይቀንሳል። የናፍጣ ሞተር ግን አብዛኛውን ጊዜ የአየር በር ስለሌለው ይህን መሳብ አያገኝም። በዚህ ምክንያት የቫክዩም ፓምፕ ይገጠምለታል። በብዙ አሮጌ የናፍጣ መኪኖች ፓምፑ ከዲናሞው ጀርባ ተያይዞ፣ በሌሎች ደግሞ በሞተሩ ጥርስ እየተሽከረከረ ይሠራል።

የፍሬኑ ሰርቮ በፔዳሉና በፍሬኑ ማስተር ሲሊንደር መካከል የሚታየው ጥቁር፣ ክብ፣ ድስት መሰል ዕቃ ነው። በውስጡ ሰፊ የላስቲክ ዲያፍራም አለ። ፔዳሉ ሳይረገጥ በዲያፍራሙ ግራና ቀኝ መሳቡ እኩል ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ በአንዱ ወገን የውጭ አየር ይገባል፤ አየሩም ዲያፍራሙን ገፍቶ ለእግራችን ያግዛል። ይህ እገዛ ቀላል አይደለም። የዲያፍራሙ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 23 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጠቅላላ ስፋቱ 415 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ግማሽ ኪሎ ብቻ ቢያርፍ ድምሩ ከ200 ኪሎ ይበልጣል። ቱቦው ሲዘጋ ወይም ሲቀደድ የሚጠፋው ይህ ኃይል ነው። ፍሬኑ ፈጽሞ አልጠፋም፤ የሚያግዘው ግን የለም።

ከፍታችንን አንርሳ

በመኪና መመሪያ መጻሕፍት የሚሰጡ የቫክዩም ልኮች በባሕር ጠለል ላይ የተለኩ ናቸው። በዚያ ጤናማ የቤንዚን ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ የቫክዩም መለኪያው ከ43 እስከ 53 ሴንቲ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ያሳያል። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ግን ይህ ንባብ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀንሳል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ ያነሰ ስለሆነ፣ ከ24 እስከ 34 ሴንቲ ሜትር የሚያሳይ ሞተር ጤናማ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ መጽሐፉን ብቻ አይቶ «ሞተሩ ተበልቷል» ወይም «ፓምፑ ሞቷል» የሚል ውሳኔ ሳያስፈልግ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ሁለተኛ፣ በደጋ የሚሠራ ሰርቮ ከመጀመሪያውም ያለው አቅም ያነሰ ነው። በቆላ ብዙም የማይታወቅ ትንሽ ቀዳዳ በደጋ፣ ያውም በቁልቁለት አፋፍ ላይ፣ አደጋ ይሆናል።

ስሙን ሳይሆን ሥራውን መጠየቅ

አንድ ዕቃ ከገበያ ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው «የዚህ መኪና ዕቃ የት ይገኛል?» የሚለው ሳይሆን «ይህ ዕቃ ሥራው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ሥራው ከታወቀ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ዕቃ ከሌላ መኪና ሊገኝ ይችላል። በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ላይ ለአንድ ዓይነት መኪና የጠፋው ዕቃ በሌላ መኪና ስም መደርደሪያ ላይ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ዋና ዋናዎቹን በየተራ እንመልከት።

ቱቦዎች። ቱቦ የሚመረጠው በውስጥ ስፋቱ፣ በግድግዳው ውፍረትና በሚያልፍበት ነገር ነው። አሮጌውን ቁራጭ ይዞ መሄድ ከሁሉ ይሻላል። ለፍሬኑ ሰርቮ የሚሆነው በውስጡ የጨርቅ ክር የተጠለፈበት፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ለቫክዩም ፍሬን ተብሎ የተሠራ ቱቦ ብቻ ነው። የውኃ ጎማ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋ ግፊትን እንዲችል እንጂ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚጫን ግፊትን እንዲችል አልተሠራም። የሲልከን ቱቦ ሙቀትን በሚገባ ይችላል፤ ቤንዚንና ዘይት ግን ያሳብጡታል። ስለዚህ ነዳጅ ወይም የዘይት ጭጋግ በሚያልፍበት መስመር አይገባም።

አንድ አቅጣጫ ቫልቭ። በሰርቮው ቱቦ ላይ ወይም በሰርቮው አፍ ላይ የሚገኝ ትንሽ ዕቃ ነው። አየር ከሰርቮው ወደ ሞተሩ እንዲወጣ ይፈቅዳል፤ እንዳይመለስ ግን ይከለክላል። ሞተር በድንገት ቢጠፋ ለሁለት ወይም ለሦስት ጊዜ ፍሬን የሚበቃ መሳብ የሚያስቀምጥልን እርሱ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ አውጥቶ በአፍ መንፋት ነው። በአንዱ ወገን ሊያልፍ፣ በሌላው ወገን ፈጽሞ ሊዘጋ ይገባል። አፉ የሚስማማ አዲስ የፍሬን ቫልቭ ከሌላ መኪና ቢወሰድ ያገለግላል። ቀስት ካለበት ቀስቱ ወደ ሞተሩ ያመለክት።

የዲስትሪቢዩተር ቫክዩም። በዲስትሪቢዩተሩ ጎን ያለችው ክብ ቆርቆሮ መኪናው በቀላል ጭነት ሲሄድ የካንዴላው እሳት ቀደም ብሎ እንዲመጣ ታደርጋለች። ቱቦዋን በአፍ ስቦ ጫፉን በምላስ መዝጋት ነው፤ የውስጧ ሰሌዳ ተንቀሳቅሳ ባለችበት ከቆየች ደህና ናት፤ ከተመለሰች ተቀዳለች። ምትክ እስኪገኝ ቱቦውን ነቅሎ፣ በሞተሩ በኩል ያለውን አፍ በሚገባ ደፍኖ መንዳት ይቻላል። ነዳጅ ይበላል እንጂ ቱርቦ የሌለውን መኪና አይጎዳም። ቱቦውን ክፍት አድርጎ መተው ግን ያልተለካ አየር ስለሚያስገባ ሞተሩን ያንቀጠቅጣል።

የካርቡሬተር ዲያፍራሞች። ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ ነዳጅ የምትረጨውና ጠዋት የሞተር ማስነሻውን የአየር በር የምትከፍተው ዕቃ በውስጣቸው ስስ ላስቲክ አላቸው። የጥገና ጥቅል ካልተገኘ ጨርቅ ከተጠለፈበት፣ ነዳጅ ከሚችል የናይትራይል ላስቲክ ሉህ በአሮጌው ልክ መቁረጥ ይቻላል፤ ቀዳዳዎቹን በስለት ከመቁረጥ ይልቅ በመብሻ መብሳት ጠርዙ እንዳይቀደድ ይረዳል። በብዙ ቦታ የተለመደው የጎማ ካላማዳሪ ግን ለዚህ አይሆንም። ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፤ ይለሰልሳል፤ በጥቂት ቀናትም ቅርጹን ያጣል። ጥገናው የተሠራ ዕለት መኪናው ጥሩ ስለሚነሣ ግን ስሕተቱ አይታወቅም።

የቫክዩም ፓምፕ። በናፍጣ መኪኖች ፓምፑ ዘይት ይቀባል፤ በውስጡ ያሉት ክንፎችና የዘይት ማገጃው ያልቃሉ። በሰርቮው ቱቦ ውስጥ ዘይት ከተገኘ ፓምፑና አንድ አቅጣጫ ቫልቩ ይመርመሩ፤ ዘይቱ የሰርቮውን ላስቲክ ይበላልና። እዚህ ላይ በጥብቅ መናገር የሚገባን አንድ ልማድ አለ። ፓምፕ ያለው ዲናሞ ሲጠፋ ፓምፕ የሌለው ዲናሞ ገጥሞ ቱቦውን መድፈን ነው። ባትሪው ይሞላል፤ መብራቱ ይበራል፤ መኪናው ግን ሰርቮ የሌለው ሆኖ ይወጣል። ተስማሚው ዲናሞ ካልተገኘ ራሱን የቻለ ፓምፕ፣ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቫክዩም ፓምፕ በባለሙያ ይገጠም። ይህ እስኪሆን መኪናው አይንቀሳቀስ።

ቱርቦ ላላቸው መኪኖች የተለየ ጥንቃቄ

ቱርቦ የጭስ ማውጫው ኃይል እያሽከረከረው ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ ዕቃ ነው። አብዛኞቻችን የምናውቀው ቱርቦ የናፍጣ ሲሆን፣ ካርቡሬተርና ቱርቦ በአንድነት ያላቸው የቤንዚን መኪኖችም ተሠርተዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1962 የቀረበው የሸቭሮሌት ኮርቬር ስፓይደር አየሩን በካርቡሬተሩ በኩል ወደ ቱርቦው ይስብ ነበር። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሬኖ 5 ጂቲ ቱርቦ ግን በተቃራኒው ከቱርቦው የተገፋውን አየር በካርቡሬተሩ ውስጥ ያሳልፋል።

በእነዚህ መኪኖች ላይ የቫክዩም ጥገና ከባድ የሚሆነው በአንዳንድ ቱቦዎች ውስጥ አንድ ጊዜ መሳብ፣ አንድ ጊዜ መግፋት ስለሚመላለስ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ማኒፎልዱ ይስባል፤ ዳገት ሲይዝ ቱርቦው ይገፋበታል። ስለዚህ መሳብን ብቻ የሚችል ዕቃ አይበቃም። አንድ አቅጣጫ ቫልቩ ግፊቱ ወደ ሰርቮው እንዳይገባ መከልከል አለበት። ቱቦዎቹም ከአፋቸው እንዳይወረወሩ በማሰሪያ መያዝ አለባቸው። በአንዳንዶቹ የዲስትሪቢዩተሩ ዕቃ ቱርቦ ሲገፋ የካንዴላውን እሳት የማዘግየት ሥራም አለው። ይህን ነቅሎ መንዳት ሞተሩን ያስመታል፤ ፒስተንም ያቃጥላል። አየር በሚገፋበት ካርቡሬተር የነዳጁ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር አብሮ መጨመር ስላለበት፣ የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው ዲያፍራም ሲቀደድ ሞተሩ በጭነት ጊዜ ነዳጅ ያጥረዋል፤ ውጤቱም ያው የቀለጠ ፒስተን ነው።

በናፍጣው ቱርቦ ደግሞ ሁለት ዲያፍራሞች ይታወሱ። አንደኛው በነዳጅ ፓምፑ ራስ ላይ ሆኖ ቱርቦው ሲገፋ ነዳጅ የሚጨምረው ነው፤ ሲቀደድ መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል። ሁለተኛው የቱርቦውን ከመጠን ያለፈ ግፊት የሚያስተነፍሰውን በር የሚከፍተው ነው። የእርሱ ቱቦ ሲቀደድ በሩ ስለማይከፈት ቱርቦው ከልክ በላይ ይገፋል። መኪናው በድንገት የበረታ ይመስላል፤ ሹፌሩም ይደሰታል። ይህ ግን ጤና አይደለም፤ ሞተሩን የሚያፈርስ ትኩሳት ነው። ያልተነካ አሮጌ መኪና ድንገት ቢበረታ ወደ መካኒክ ይወሰድ።

ሰርቮው አይከፈት

እስካሁን በሌላ መተካት ስለሚቻሉት ተናግረናል። የፍሬኑ ሰርቮ ግን ከዚህ ይለያል። ሁለቱ የቆርቆሮ ክፍሎች ጠርዛቸው ተቆልምሞ የተያያዘ ሲሆን በውስጣቸው ብርቱ ሞላ አለ። ያለ መያዣ መሣሪያ ሲከፈት ሞላው ሰው ሊጎዳ ይችላል። ተከፍቶ በካላማዳሪ ላስቲክ የተጠገነ ሰርቮ ደግሞ ዛሬ ይሠራል፤ መቼ እንደሚቀደድ ግን ማንም አያውቅም። ምናልባት የሚቀደደው ሹፌሩ ከሁሉ አብልጦ በሚረግጥበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ ሰርቮ የሚተካው በሙሉው፣ ከተመሳሳይ መኪና በወጣ ጤናማ ወይም በአዲስ ዕቃ ነው። ከሌላ ዓይነት መኪና የሚመጣ ከሆነ ስፋቱ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹና በተለይ ማስተሩን የሚገፋው ዘንግ ርዝመት በባለሙያ መለካት አለባቸው። ዘንጉ ጥቂት ቢረዝም ፍሬኑ ሳይረገጥ ይይዛል፤ ይግላል፤ በመጨረሻም ጎማ ይቆልፋል። ቢያጥር ፔዳሉ ወደ ታች ርቆ ይሄዳል። የፍሬን ዘይት በውጭ ሳይፈስ እየቀነሰ ከሄደም ከማስተሩ ወደ ሰርቮው ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ሁለቱም አብረው ይታዩ።

ማንም ሊያደርጋቸው የሚችል ሦስት ፈተናዎች

የሚከተሉትን ለማድረግ ሜዳ ላይ የቆመ መኪናና አምስት ደቂቃ ይበቃል። የኮሚቴው አባል ከሹፌሩ ጋር ሆኖ ሊያያቸው ይችላል።

አንደኛ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉን አምስት ጊዜ ያህል ረግጦ ማድረቅ። ከዚያ እግርን ጭኖ ሞተሩን ማስነሣት። ፔዳሉ ከእግር ሥር ጥቂት ወደ ታች ሊሄድ ይገባዋል። ካልሄደ እገዛው የለም።

ሁለተኛ፤ ሞተሩን አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ አሠርቶ ማጥፋት፤ ከዚያም ፔዳሉን ቀስ እያሉ ሦስት ጊዜ መርገጥ። የመጀመሪያው በጥልቀት ይወርዳል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው በየተራ ከፍ እያሉ ይቆማሉ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ደረቅ ከሆነ መሳቡ አልተቀመጠም፤ ቫልቩና ቱቦው ይመርመሩ።

ሦስተኛ፤ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ረግጦ በመያዝ ሞተሩን ማጥፋት፤ እግርን ሳያነሡ 30 ሰከንድ መቆየት። ፔዳሉ ባለበት ከቆየ መልካም ነው። ወደ ላይ ከገፋ ሰርቮው አየር ያስገባል።

ከላይ በተናገርሁት ምክንያት እነዚህ ፈተናዎች ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን ረጅም መንገድ ከተሄደ በኋላ፣ ሁሉም በጋለበት ጊዜም ይደረጉ። የእኛ ቱቦ በጋራዡ ቅጥር ግቢ ውስጥ ቀዝቅዞ ሳለ ምንም እንከን አልነበረበትም።

የሚያፈሰውን ቦታ መፈለግ

የቫክዩም መስመር እርስ በርሱ የተያያዘ ስለሆነ ችግሩ የሚታየው ቀዳዳው ባለበት ቦታ ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ ደብልዩ 123 በሚባለው የመርሴዲስ ቤንዝ የናፍጣ መኪና የበር መቆለፊያዎቹም የሞተሩ ማጥፊያም በቫክዩም ይሠራሉ። በዚህ መኪና በአንድ በር ውስጥ የተቀደደ ላስቲክ ሞተሩ በቁልፍ አልጠፋም እንዲል ሊያደርገው ይችላል። ስለ ሞተሩ የሚጨነቅ ሰው በሩን አይመለከትም።

ስለሆነም መስመሩን እየከፈሉ መፈለግ ይገባል። እያንዳንዱን ቱቦ በየተራ በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ጨብጦ ለውጥ መኖሩን ማየት፤ አንድ ሜትር ያህል ቱቦ አንዱን ጫፍ ወደ ጆሮ አቅርቦ በሌላው ጫፍ ፉጨቱን መከታተል፤ በተጠረጠረው መጋጠሚያ ላይ የሳሙና ውኃ ጠብ አድርጎ የሞተሩ ድምፅ ይለወጥ እንደ ሆነ ማዳመጥ ጥሩ ዘዴዎች ናቸው። ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ መርጨት ግን እሳት ያስነሣል፤ ፈጽሞ አይደረግ። ቱቦ ከመነቀሉ በፊትም በየጫፉ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር ይለጠፍ፤ በስልክም ፎቶ ይነሣ። አሮጌ መኪና ላይ ትልቁ ጥፋት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ቱቦዎቹ ተሳስተው ሲመለሱ ነው።

ለሰበካ ጉባኤያት

ከዚህ ሁሉ የኮሚቴው ድርሻ የትኛው ነው? መካኒክ መሆን አይጠበቅብንም። ይሁንና ገንዘብ የምንፈቅደው እኛ ስለሆንን የምንጠይቀው ጥያቄ የሰው ሕይወት ይወስናል። «በስንት ብር ይሠራል?» ከማለት አስቀድሞ «ይህ ዕቃ ከፍሬን ጋር የተያያዘ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ከፍሬን ጋር ካልተያያዘ በጥበብ የተደረገ ምትክ መልካም ቁጠባ ነው። ከተያያዘ ግን ትክክለኛው ዕቃ እስኪገኝ መኪናው ይቁም፤ እህሉም በአህያ ይሂድ።

የተለወጠው ዕቃ ሁሉ በመዝገብ ይጻፍ፤ ምን ዓይነት ቱቦ፣ ከየትኛው መኪና የተወሰደ ቫልቭ እንደ ሆነ ይገለጽ፤ አሮጌውም ለናሙና ይቀመጥ። ቀጣዩ መካኒክ ከዚህ መዝገብ ብዙ ይማራል። በውጭ ሀገር የሚኖሩ ምእመናን «ምን እንላክ?» ሲሉም በዕቃው ላይ የታተመውን ቁጥር ልከን ዲያፍራምና ቱቦ እንዲያመጡልን ብንጠይቅ፣ እነዚህ ዕቃዎች ቀላል ስለሆኑ በሻንጣ ይገባሉ።

ለሹፌሮቻችንም በጽሑፍ መመሪያ እንስጥ። በቁልቁለት በፎሌ አይነዳ፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎም ሞተር አይጠፋ፤ የተቀመጠው መሳብ ከጥቂት ርግጫ በላይ አይበቃምና። ፔዳሉ ከደረቀ ማርሽ ቀንሶ፣ በሁለት እግር ጭኖ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያሉ ስቦ መቆም ይገባል። ሹፌሩ «ፍሬኑ ልክ አይደለም፤ አልሄድም» ሲል ደግሞ፣ በዓል ቢሆን፣ ጉባኤም ቢጠብቀን፣ ቃሉ ይከበር።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። ትእዛዙ የተሰጠው ለግንበኛው ብቻ ሳይሆን ለባለቤቱ ነው። የቤተ ክርስቲያን መኪና ባለቤት ደግሞ እኛ ነን። በዚያ ቁልቁለት ላይ የተሳፈሩት አባት ስለ ቱቦው የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ የተሳፈሩት እኛን አምነው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጥገና ክፍያ ወረቀት ሲቀርብልኝ ከዋጋው በፊት የማነበው የዕቃውን ስም ነው። እናንተም እንዲሁ ታደርጉ ዘንድ በትሕትና አሳስባለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።